ወሬ በደብረ ታቦር፤ ከነጋሪት እስከ ኪስ ስልክ

የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጆች «ከታሪክ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንፈልጋለን» ባሉን ጊዜ ምን እንጻፍ ብለን ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን ስለ መሳፍንቱ መጻፍ የፈለገ ነበረ፤ ስለ ጋፋት መድፍ የፈለገም ነበረ፤ ስለ አድባራቱና ስለ ሊቃውንቱ ይሁን ያለም አልጠፋም። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ ግን አንዱን ሰዓት ተኩል የጨረስነው ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ፈተና ውጤትና በየስልካችን ስለ መጣው አዲስ ነገር በመጨዋወት ነበር። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያውስ የምናውቅበትን እንጻፍ» አለ። ስለዚህ የወሬን ታሪክ ልንጽፍ ተስማማን።

አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ ብቻ አይደለም። በቋንቋችን «ወሬ» የሚባለው ቃል ሁለት ፊት አለው። የንጉሥ መሞት፣ የጦር መነሣት፣ የእህል መወደድ ወሬ ይባላል፤ በጠላ ቤት ስለ ጎረቤት የሚባለውም ወሬ ይባላል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት ቃል አጥሮአቸው አይመስለንም። ዜናው ከምን ጊዜውም ከሐሜቱ ጋር አንድ በቅሎ ላይ ተፈናጥጦ እንደሚመጣ ስላወቁ ይሆናል። የሰሚው ሥራ ሁለቱን ከበቅሎ አውርዶ መለየት ነው። የከተማችንን ታሪክ ስንመለከት ይህን ሳይለዩ በመቅረት ጦር ድል ሆኖአል፤ ሰው አልቆአል፤ መንግሥትም ወድቆአል። እንግዲህ ዘመኑን ተከትለን እንሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ጽፈናል።

ወሬ በእግሩ ይሄድ በነበረ ጊዜ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ አለ፤ በምዕራብ በኩል የፎገራ ሜዳና የጣና ሐይቅ አሉ። ርብና ጉማራ ከጉና ወገብ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በበጋ ሕፃን የሚሻገራቸው እነዚህ ወንዞች በክረምት ፎገራን ሐይቅ ያስመስሉታል። ድልድይ በሌለበት ዘመን ርብ ሲሞላ መልእክተኛው ማዶ ያድራል፤ መልእክተኛው ካደረ ወሬውም አብሮ ያድራል። ጎንደር ላይ በሐምሌ የሆነውን ነገር ደብረ ታቦር በመስከረም ቢሰማ የሚገርመው ሰው አልነበረም።

ከተማዋን የየጁው ራስ ጉግሣ ከቈረቈሩአት በኋላ የመሳፍንቱ መቀመጫ ሆነች፤ ከእነርሱም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ተቀምጠውባታል። ወሬ እንደ ውሃ ነው፤ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ወሬ ግን ወደ ጌታ ደጅ ይወጣል። ስለዚህ ከትግሬ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሱዳንም የመጣው ነገር ሁሉ እዚህ ተራራ ላይ ይሰበሰብ ነበር።

ወሬ የሚሄድባቸው መንገዶች ብዙ ነበሩ። የመጀመሪያው ነጋሪት ነው። ዐዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ነጋሪቱን እየጐሰመ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ» ሲል፣ የሰማው ሁሉ ሳይቀጠር የመንግሥት ወሬ አቀባይ ይሆናል። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ ጨው ይዞ የመጣ ነጋዴ ጨውን በዋጋ፣ ወሬውን በነጻ ያድል ነበር። ሦስተኛው ከቅዳሴ በኋላ ያለው ደጀ ሰላም ነው። አራተኛው አዝማሪ ነው፤ በመሰንቆው እያዋዛ ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር ይናገራል። አምስተኛውም እረኛ ነው። የቀድሞ ገዥዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበረ ይነገራል፤ እረኛ በሜዳ የሚያንጐራጕረው የሕዝቡን ልብ ያሳያል ተብሎ ይታመን ነበርና። ዛሬ መንግሥታት የሕዝብን አስተያየት ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አውጥተው መጠይቅ ያስሞላሉ። የጥንቱ ጌታ ግን ለዚህ ያወጣው ወጪ ቢኖር ጆሮ ማዘንበል ብቻ ነበር።

ስለ ቡና የሚጠይቀን አንባቢ አይጠፋም። በመሳፍንቱ ዘመን አብዛኛው የደገኛ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር። የተስፋፋው ኋላ፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ የዚያ ጊዜ ወሬ የሚፈላው በጠላና በጠጅ ላይ ነበር። ቡናው ከገባ በኋላ ግን ሥርዓት ያዘ፤ በአቦል የተነገረው በቶና ያብጣል፤ በበረካ ደግሞ ልጅ ይወልዳል።

በዚህ ስፍራ የአገራችንን ሰው የፎገራውን አለቃ ገብረ ሃናን ሳናነሣ ብናልፍ አንባቢ ይቀየመናል። አለቃ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። በደብረ ታቦር ስሙ የጸናው የተክሌ አቋቋም የተጀመረው በእርሳቸው ነው ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከልጃቸው ከተክሌ ነው። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ ቀልዳቸውን ይዞ ቀረ። ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ «አለቃ ገብረ ሃና እንዲህ አሉ» እየተባለ ስለሚነገር፣ አለቃ በሕይወታቸው ከተናገሩት ከሞቱ በኋላ የተናገሩት ሳይበልጥ አይቀርም። ይህም አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ወሬ ብቻውን መሄድ አይወድም፤ የታወቀ ሰው ስም ይፈልጋል።

ድል አድራጊው ተሸንፌአለሁ ያለበት ጦርነት

በ1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ብዙ ጠመንጃ ያለው ጦር ይዘው ራስ ዓሊን ሊወጉ ወደ ደብረ ታቦር መጡ። አዲሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማም አብረዋቸው ነበሩ። ጦርነቱ በከተማችን አጠገብ ተደረገ። የውቤ ጠመንጃ በረታና ራስ ዓሊ ነገሩ አለቀ ብለው ከጦሩ ሜዳ ሸሹ። ደጃዝማች ውቤም ድል አድርገናል ብለው ከድንኳናቸው ገብተው የደስታ ግብዣ አደረጉ።

የራስ ዓሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በዚህ መካከል ደረሱና ድል አድራጊውን ከነደስታው ማረኩት። አቡኑም አብረው ተያዙ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ድል የሆነው ሰው ድል አደረግሁ ብሎ ይጠጣል፤ ድል ያደረገው ሰው ደግሞ ተሸነፍሁ ብሎ ይሸሻል። ራስ ዓሊ ያሸነፉ መሆናቸውን የሰሙት በሽሽት ላይ ሳሉ ነው። በዓለም ታሪክ ውስጥ የድሉን ወሬ ለድል አድራጊው ሮጦ ለማድረስ የተቸገረ መልእክተኛ ብዙ ያለ አይመስለንም።

አንባቢ ይህን ሲያነብ ይሥቅ ይሆናል፤ እኛም ሥቀናል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ የወደቁት ገበሬዎች ብዙ ናቸው። ሁለቱ ጌቶች አንድ ሰዓት ቆይተው «ማን ቆሞአል? ማን ወድቆአል?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ አንዱ አይሸሽም፤ ሌላውም አይማረክም ነበር። ወሬን ቶሎ ማመን ለተሸናፊም ለአሸናፊም እንደማይበጅ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ፈልገን አላገኘንም። የሆነ ሆኖ ራስ ዓሊ በዚያ ዕድል የኖሩት 11 ዓመት ያህል ነው፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ቋረኛው ካሣ ድል አደረጉአቸው።

መልስ ያጣው ደብዳቤ

ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የእርሳቸው ወሬ እስከ ዛሬ ድረስ ስላላረጀ፣ እኛ የምንናገረው ስለ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ሰጡ። መልእክተኞች ወደ ንግሥቲቱ ለመላክ ማሰባቸውንም ገለጹ። ደብዳቤው በበቅሎና በመርከብ ተጉዞ አራት ወር ሳይሞላው ለንደን ገባ። በዚያ ዘመን ይህ ፈጣን ጉዞ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ያነበበው ሰው «አይሆንም» ብሎ አልመለሰም፤ «ይሁን» ብሎም አልመለሰም። ንጉሡ ጠበቁ፤ አሁንም ጠበቁ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩት። መልሱ የመጣው በሆርሙዝድ ራሳም እጅ በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤውን ለንደን ለማድረስ አራት ወር ያልፈጀው መንገድ ለመልሱ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው። በጉዞው ርዝመት ማመካኘት አይቻልም፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው።

በዚህ ጊዜ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ልዩ ሥራ ይሠራ ነበር። ከአውሮጳ የመጡ የወንጌል ሰባኪዎችና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች በዚያ ሰፍረው ነበር። ሰባኪዎቹ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። «አናውቅም» ቢሉም ንጉሡ «ሞክሩ» አሉ፤ እነርሱም ሞከሩ፤ ቀስ በቀስም ሆነላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ስሙ ራሱ የወሬ ፍሬ ነው፤ ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር ያለች ከተማ ስትሆን፣ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር ወደ አንድ ዓመት ያህል ተከብባ ስትዋጋ ዓለም ሁሉ ስለ እርስዋ ያወራ ነበር። ጋዜጣ በሌለበት በጋፋት ኰረብታ ላይ የሩቅ አገር ከተማ ስም በብረት ላይ ተጣበቀ። «የድሮ ሰው ከተራራው ማዶ ያለውን አያውቅም ነበር» የሚል ሰው ቢገጥመን ይህን መድፍ እናሳየዋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉን ሰው በጠፍር እየሳበው፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። በዚያው ጊዜ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሥቶ የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ ይመጣ ነበር። አንደኛው ወገን ብረት ይስባል፤ ሌላው ወገን ወሬ የሚሄድበት ሽቦ ይስባል። ሁለቱ ዘመኖች በአንድ ተራራ ላይ ተገናኙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ተራራ ላይ አለ።

የዚህ ነገር መጨረሻ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የሚባል የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወሬ ጸሓፊ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ወደ መቅደላ ከመሄዱ በፊት ከሱዌዙ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር ተስማምቶ፣ የእርሱ ጽሑፍ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እንዲላክ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። እንዳሰበውም ሆነለት። የእርሱ ወሬ ካለፈ በኋላ በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው የባሕር ሽቦ ተበጠሰ። ስለዚህ የእንግሊዝ ሹማምንት የገዛ ጦራቸውን ድል ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰሙ። የንጉሣችንን ደብዳቤ በመዝገብ ውስጥ ያስተኛ መሥሪያ ቤት፣ የራሱን ወሬ ለመስማት ተራ ጠበቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እውነት ነው።

እንግዳው ጎርዶን

በዐፄ ዮሐንስም ዘመን ደብረ ታቦር የዓለም ወሬ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ድል ከሆነ በኋላ ዕርቁ አልጨረስ ብሎ ነበር። የግብፁ ከዲቭ በሱዳን ላይ የሾመው እንግሊዛዊው ጎርዶን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ለማነጋገር ደብረ ታቦር ድረስ መጣ። ንግግሩ ሳይሳካ ተመለሰ። ይህ ጎርዶን በጥር 1877 ዓ.ም. በካርቱም በመሐዲስቶች እጅ ሞተ፤ ሊረዳው የመጣው ጦር የደረሰው በሁለት ቀን ዘግይቶ ነበር። በእርሱም ታሪክ ውስጥ የምናገኘው ያንኑ ነገር ነው፤ መልስ ይላካል፤ ግን ይዘገያል።

ወሬ ከሰማይ ሲወርድ

ወደ 1922 ዓ.ም. እንለፍ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበረ። ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ጋር በትዳር ኖረው፣ ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ተለያይተዋል። ከአዲስ አበባው መንግሥት ጋር ባለመስማማታቸው ጦር አንሥተው ወጡ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ጦርነት ሆነ።

አውሮፕላን ኢትዮጵያ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የመንግሥቱ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ቦምብ ከመጣሉ አስቀድሞ ወረቀት በተነ። በወረቀቱ ላይ ራስ ጉግሣን የሚቃወም ዐዋጅና የጳጳሳት ቃል ታትሞ ነበር። ማንበብ የሚችለው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ይህ ወረቀት ምን ያህል ልብ እንዳሸበረ ማሰብ ይቻላል። ነጋሪት የለ፣ ዐዋጅ ነጋሪ የለ፤ ፊደል ከደመና ይዘንማል። ያልተማረው ወታደር ደብተራ ፈልጎ ሲያስነብብ፣ ደብተራውም የሚያነበው ነገር ራሱን ሲያስፈራው በዓይናችን ይታየናል። ራስ ጉግሣ በጦርነቱ ሞቱ።

ንግሥት ዘውዲቱም መጋቢት 24 ቀን፣ ማለት በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ታምመው ነበርና አንዳንዱ ሕመማቸው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የቀድሞ ባለቤታቸውን ሞት ሰምተው በድንጋጤ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ከ90 ዓመት በላይ ሲሆን ክርክሩ አልቆመም። ወሬ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

ጋዜጣና ራዲዮ

የጣልያን ወረራ መጥቶ አምስት ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 30 ቀን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የመጀመሪያው ቅጠል ወጣ። ያን ቀን ግን በደብረ ታቦር የጣልያን ጦር ገና ምሽጉን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ እጁን የሰጠው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ክረምት ሲገባ ነው። ጎንደርም ነጻ የወጣችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ዘመን ሲሆን፣ ለእኛ ሰው ገና አሮጌው ዘመን ነበር። ታሪክን በዋና ከተማው ወሬ ብቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይስተዋል። ደግሞ በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ውስጥ አዲስ ዘመን የምትባል ከተማ መኖርዋን አንባቢ ያውቃል። በዚያች ከተማ ጋዜጣውን ገዝቶ ያነበበ ሰው «አዲስ ዘመን ላይ አዲስ ዘመን አነበብሁ» ቢል አልተሳሳተም።

ከጋዜጣው ይልቅ ደገኛውን ያስለመደው ራዲዮ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ ሲመጣ፣ ያለው ሰው ቤት ማታ ማታ እንደ ደጀ ሰላም ሆነ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ትንሽ ይናገራል። በ1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ገበሬው የአገሩን ወሬ ከአገሩ ራዲዮ ሰምቶ፣ ከውጭው ራዲዮ ደግሞ ማመሳከር ለመደ። እኛ ታላቁ ነገር ይህ ይመስለናል። ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ሁለት ራዲዮ ሰምቶ «ይህኛው እንዲህ ይላል፤ ያኛው ግን እንዲህ ይላል፤ ቆይተን እንይ» ሲል፣ በታሪክ ክፍል የሚሰጠንን ትምህርት ራሱ ሠርቶታል።

ዛሬ

ዛሬ ወሬ ርብን አይፈራም፤ ጉናንም አይዞርም። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ከዋሽንግተንም ከአለም በርም እኩል ይደርሳል። ፍጥነቱ ግሩም ነው። ነገር ግን የቀድሞው መልእክተኛ በመንገድ ሦስት ቀን ሲቆይ ወሬው ለማሰብ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ የዛሬው ግን ሳያስጨርስ «አጋራ» ይላል። የ1834 ዓ.ም. ሁለት ጌቶች ስልክ ቢኖራቸው ኖሮ ውቤ የድል ግብዣውን ፎቶግራፍ ሲለጥፉ፣ ብሩ አሊጋዝ ድንኳኑ የት እንደ ሆነ ከፎቶግራፉ ባወቁ ነበር።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ አያሥቅም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ከተማችን ቀርቦ ከባድ መሣሪያ የሰላማውያንን ሕይወት አጥፍቶአል። እንዲህ ባለ ቀን «ከተማው ተያዘ»፣ «አልተያዘም» የሚለው ቃል የቡና ጨዋታ አይደለም። አንድ ቤተ ሰብ ሕፃንና አዛውንት ይዞ ሌሊት መንገድ ይጀምር ወይስ ቤቱ ይቈይ የሚለውን የሚወስነው ያ ቃል ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈየ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ አያቶቹ ዘመን ተመለሰ፤ ከባሕር ዳር የመጣ መንገደኛ በመናኸሪያው እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ተከበበ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወሬ ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቶአል። የሚጠፋው ማመሳከሪያው ነው፤ ወሬውማ ይበዛል። ወሬ ሲበዛ ደግሞ በአህያ አይጫንም፤ በሰው ልብ ላይ ይጫናል እንጂ።

ይህን ያውቁ ኖሮአልን?

የከተማችን ስም የተወሰደው በገሊላ ካለው የታቦር ተራራ ነው። የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲሆን፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት ቡሄ ያው ራሱ ነው።

የንግሥት ቪክቶሪያን መልስ ያመጣው ሆርሙዝድ ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነበር። ቀደም ብሎ በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ጽላቶች ያገኘው እርሱ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የተጻፈውን ጽሑፍ በጊዜው ያገኘ ሰው፣ የሦስት ዓመቱን ደብዳቤ መልስ በጊዜው ለማድረስ አልተቻለውም።

የመቅደላውን ወሬ ለዓለም ያደረሰው ስታንሊ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጣንጋኒቃ ሐይቅ ዳር ሊቪንግስተንን ፈልጎ ያገኘው ስታንሊ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የወጣው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይታደል ነበር። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር 24 ተከታይ ነበረው ማለት ነው፤ ነገር ግን ከተከታዮቹ አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የተገነዘብነው አንድ ነገር ነው። አገራችንን የጐዳት ወሬ ማጣት ብቻ አይደለም። ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ወሬ አላጡም፤ ሳይመረምሩ አመኑ እንጂ። ለንደን ወሬ አላጣችም፤ ሰምታ ዝም አለች እንጂ። የ1922 ዓ.ም. ወታደርም ወረቀቱ በእጁ ነበረ፤ የሚያነብለት ሰው አጣ እንጂ። ሳይመረምሩ ማመን፣ ሰምቶ ዝም ማለት፣ ማንበብ አለመቻል፤ ሦስቱም ዛሬ በእኛ ዘንድ ይገኛሉ። ማንበብን ትምህርት ቤታችን አስተምሮናል፤ የቀሩት ሁለቱ የየራሳችን ሥራ ናቸው።

የታሪክ ሰው አንድ ጽሑፍ ሲያገኝ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ማን አየው? መቼ ተናገረው? ሌላስ ማን መሰከረለት? ይህ ጥያቄ ለብራና ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ዛሬ ማታ በስልካችን ለሚመጣውም ያገለግላል። ጥያቄው የሚፈጀው ጊዜ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪደርስ ያህል ብቻ ነው።

የአባቶቻችን ዐዋጅ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ» ይል ነበር። ነጋሪቱ አንድ በነበረበት ዘመን ይህ በቂ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዳችን በኪሳችን ነጋሪት ይዘን ስለምንሄድ፣ አንድ ቃል እንዲጨመርበት ተማሪ ጓደኞቻችንን እንለምናለን፤ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ መርምር፤ ከመረመርህም በኋላ አሰማ።